ማርያም ትቅረብሽ እያሉ መንገድ የዘጉብን ዕለት

እኛ በወለድንበት ዘመን እኮ ልጆቼ፣ ምጥ የጠናባት ሴት ከእብናት ወደ ደብረ ታቦር የምትመጣው በቃሬዛ ነው፣ በሰው ትከሻ። ታዲያ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ይቆማል፣ «ማርያም ትቅረብሽ!» ይላል፣ ጉልበት ያለውም ተቀብሎ ይሸከማል። ዝም ብሎ ያለፈ ሰውማ... ሰውም አይባል!

እና የኔዋ የሺ፣ የመጨረሻ ልጄ፣ ምጥ ጠናባትና የእብናት ጤና ጣቢያ ሰዎች «ይኼ ለኛ ከባድ ነው፣ ደብረ ታቦር ትሂድ» ብለው በአምቡላንስ ጫኑን። ሾፌሩ ደሳለኝ ይባላል፣ እንዴት ያለ ረጋ ያለ ልጅ መሰላችሁ! ሳይረኑ ይጮኻል፣ እኔም «ወላዲተ አምላክ፣ ልጄን!» እያልኩ እጮኻለሁ። ታዲያ ደብረ ታቦር መግቢያ ስንደርስ ለካ የገበያ ቀን ነው! ገበያተኛው ጩኸቱን ሲሰማ መጥቶ ከበበን። ክፉ ሆነው አይደለም እኮ! እንደ ቃሬዛው መስሏቸው ነው። «የማን ልጅ ናት? ማርያም ትቅረብሽ!» ይላሉ በመስኮቱ፤ አንዱማ ሊሸከማት በሩን ይታገላል! የሺ ግን ድምጿ እየጠፋ ነው።

እና ደሳለኝ ምን ያድርግ? ወደ ግራው መንገድ ተሻገረና ከሚመጣው መኪና ፊት ለፊት ነዳ፣ ግን ቀስ እያለ። እህል የጫነ አህያ የምትነዳ ሴት እስክትሻገር እንኳ ቆሞ ጠበቃት። «እለፍ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩበት። «እማማ፣ አንዷን አድናለሁ ብዬ ሌላዋን ልግደል?» አለኝ።

የሺን ሆስፒታል እንዳስገባናት ትራፊኩ በሞተር ደረሰ። «በተቃራኒ ነድተሃል፣ መንጃ ፈቃድ!» አለና ወሰደበት። የሺ በሰላም ተገላገለች፣ ተመስገን፣ ወንድ ልጅ! እልልታዬን ጨርሼ ስወጣ ደሳለኝ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«ምነው ልጄ?»

«እብናት ሌላ ወላድ አለች ብለው ደወሉልኝ፣ እማማ። በምን ልነዳ?»

ያን ጊዜ ነጠላዬን አጣፋሁና ቀጥ ብዬ የትራፊኮቹ አለቃ ዘንድ! አለቃው ወንበር ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ሕመምተኛ ጭኖ ነበር?»

«ልጄን ነዋ!»

«ሳይረኑስ?»

«ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል!»

«ሰው ገጭቷል?»

«ኧረ አህያም አልገጨ! ቆሞ ነው ያሳለፋት!»

አለቃው ወደ ትራፊኩ ዞረና «መልስለት። እንዲህ ከሆነ አይቀጣም። ባዶውን ለምሳ ሲሮጥ ካገኘኸው ግን እንደማንም ቅጣው» አለ። ትራፊኩም መንጃ ፈቃዱን መለሰ፣ «እንኳን ማርያም ማረችልዎ» አለኝ ደግሞ። እግዜር ይስጣቸው፣ ሁሉንም! ለእብናቷ ወላድም ደረሰላት፣ በሰላም ወለደች።

ታዲያ ለክርስትናው ደሳለኝን ጠራሁት። ገና እጁን ሲታጠብ ስልኩ ጮኸ። «ምጥ ነው» አለና ብድግ! እኔ ልተወው? ጉርሻዬን ይዤ ሮጥኩና በመኪናው መስኮት አጎረስኩት።

«እማማ፣ አፉን ሞልቶ ሲነዳ ትራፊክ ቢያገኘውስ?» አላት ወሬዋን ተቀምጠን ከምናዳምጣት አንዱ።

«ወላድ ሊያመጣ ነው እኮ የሚሄደው! ደግሞ ያስቁመውና ይየኝ፤ ሁለተኛውን ጉርሻ ለትራፊኩ ጠቅልዬ አስይዤው ነበር!» አለችና እስክታነባ ሳቀች።