ክዳኑ አልከፈት ያለው ድስት

ከገለምሶ ወደ ጭሮ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ሲጫወቱ ሰማሁ።

“ልጄ ከጅዳ የላከችልኝን፣ በመብራት የሚሠራውን ፕሬዠር ድስት ትናንት ሞከርኩት።”

“አልፈራሽም?”

“ለአባቴ ስል ነው እንጂ! ጥርሳቸው አልቆ ስጋ ካቆሙ ዓመት አልፏቸዋል። የፍየል ስጋ ጣድኩላቸው። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ ክዳኑም አልከፈት አለ።”

“ያ ረቢ! ቢፈነዳስ?”

“እኛም ይፈነዳል ብለን ወደ ግቢ ሮጥን። አባቴ ግን፣ ‘እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ፤ እናንተ ውጡ፣ እኔ እጠብቀዋለሁ’ ብለው ቀሩ።”

“ጥለሻቸው ወጣሽ?”

“ምን ላድርግ? በከዘራቸው እየገፉ አስወጡኝ። ኋላ ከውጭ ብጠራቸው፣ ብጠራቸው ዝም አሉ። ወላሂ፣ ልቤ ቀጥ አለ!”

“ከዚያስ?”

“ሮጬ ስገባ እንፋሎቱ ወጥቶ አልቆ ክዳኑ እሺ ብሏቸዋል። አፋቸው በስጋ ሞልቶ እንዴት ይመልሱልኝ?”

“አልሐምዱሊላህ! ለእናንተስ ተረፈ?”

“መረቁ ተረፈ።”

“እሳቸው ነበሩ ዕድሜ ጠገብኩ ያሉት?”

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ።

እኔ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ያልጣድኩትን ትልቁን ድስት የት እንዳስቀመጥኩት ለማስታወስ ስሞክር ጭሮ ደረስን።