በእጅ የተሰጠ ምስክርነት

እማማ ልክልኩን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ የጠየቃት ሰው አልነበረም። አንዴ ከተናገረች ተናገረች ነው። ሰፈሩ ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት ለትልቁም ለትንሹም ልክ ልኩን ስለምትነግር ነው፤ እሷም እንደ ሹመት ይዛው ትኖራለች። ስለዚህ ፍርድ ቤቱ “ዳግም ቀርበሽ አስረጂ” ብሎ ሲጠራት በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት። ባለፈው ምላ፣ እውነቱን ተናግራ፣ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክራ አትማ ወጥታለች። ታዲያ ምን ቀራቸው? አላመኑኝም ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ያልተማረች አሮጊት ምን ታውቃለች ብለው ነው።

ስትደርስ ችሎቱ ለምሳ ተነሥቶ ኖሯል። በግቢው ውስጥ ጥላ ያላት አንዲት አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበረች፤ እሷም ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ አንገቷን ደፍታ ደረቅ ዳቦ ትበላለች።

“ጠጋ በይልኝ፤ ወንበሩ የመንግሥት ነው፣ የአባትሽ አይደለም።”

“ይቀመጡ እማማ” አለች ልጅቷ ወደ ዳር እየተንሸራተተች።

“አንቺንም ከሰውሽ ነው?”

“አይ፣ እዚሁ ነው የምሠራው።”

እማማ ልክልኩ ምን እንደምትሠራ አልጠየቀቻትም። የሞላባት የራሷ ነገር ነበረና ጀመረች።

“ጎረቤቴ ልብስ አጣቢ ናት። ባሏ ሞቶባት ብቻዋን ትኖራለች። ባለመጋዘኑ ሰውዬ አጥሩን ገፍቶ መተላለፊያዋን አጠበባት። ጋሪዋ አይገባም፤ ሳፋዋን ተሸክማ እንደ ሸርጣን በጎኗ ነው የምትወጣው። እሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ‘ድሮም እንዲሁ ነበር’ ይላል። ድሮ እንዴት እንደነበረ የማውቅ እኔ ነኝ። ነገርኳቸው። ይኸው መልሰው ጠሩኝ። ጥፋተኛዋ ግን ጥግ ላይ የምትቀመጠዋ ጸሐፊ ናት። መጻፊያ መኪናዋ ላይ አቀርቅራ እንደ ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ነው የምትውለው፣ ጣቷ ቀጭ ቀጭ ሲል ብቻ ነው የሚሰማው። ፊት ይኑራት አይኑራት እንጃ።”

ልጅቷ የጎረሰችውን ዋጠች። “እሷ እኔ ነኝ እማማ።”

ሌላ ሰው ቢሆን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ይመርጥ ነበር። እማማ ልክልኩ ግን ከተናገረችው ወደ ኋላ ብላ አታውቅም። ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

“እንግዲያው አገኘሁሽ። ለምን ቃሌን አጎደልሽው?”

“ስለ ክርክሩ ከምስክር ጋር ማውራት አልተፈቀደልኝም። ስለ አጻጻፌ ግን ለጠየቀኝ ሁሉ እመልሳለሁ። ምን አሉና አጎደልኩ?”

“ከዚህ እስከዚህ ነበር አልኩ” አለች አሮጊቷ ሁለት እጇን ዘርግታ።

“እኔም ‘ከዚህ እስከዚህ ነበር’ ብዬ ጻፍኩ። አንድ ፊደል አልጎደለም።”

እማማ ልክልኩ የተዘረጉ እጆቿን አየቻቸው። ቀስ ብላ ወደ ጭኗ መለሰቻቸው።

“እጄንስ አላየሽም? ዓይን የለሽም?”

“ዓይንስ ነበረኝ፤ ሥልጣን ነው የሌለኝ። ያልተነገረውን ከራሴ ከጨመርኩ፣ ነገ ደግሞ ለባለመጋዘኑ የምትጨምርለት ጸሐፊ ትመጣለች። የዚያን ጊዜ ምን ይላሉ?”

“ጸጉሯን ነዋ የምነጨው።” ትንሽ አሰበችና ቀጠለች፤ “የፊተኛው ዳኛ ግን አይተውኛል፤ ራሳቸውን ነቅንቀዋል።”

“አይተዋል። ከዚያ ተዛወሩ። ያዩትን ዓይናቸው ውስጥ ይዘውት ሄዱ። ለአዲሱ ዳኛ የቀረላቸው ወረቀቱ ነው።”

“ወረቀት የመጣው መተማመን ሲጠፋ ነው። በእኛ ጊዜ ሰው ቆሞ ይናገራል፣ የሰማ ይመሰክራል፣ አለቀ።”

“የሰማው ሲሞትስ?”

“ልጁ ይናገራላ።”

“ልጁ ሩቅ ቢሆንስ እማማ?”

አሮጊቷ ነጠላዋን ሰበሰበች። የወለደቻቸው ሁለቱም ርቀው ሄደው እዚያው ቀርተዋል። ስልክ ሲደውሉም ደህንነቷን ጠይቀው፣ መልሷን ሳትጨርስ “በይ እንግዲህ” ይሏታል። እሷ የምታውቀውን የሚያውቅ ከእሷ በኋላ ማን ይቀራል? ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ኩሩ ሰው ብቸኝነቱን እንደ ተቀደደ ቀሚስ በነጠላ ሸፍኖ ነው የሚሄደው። ያን ቀን ግን፣ ልጅቷ ዝም ብላ መስማት ስለምታውቅበት ይሆናል፣ ከአፏ አመለጣት።

“አጣቢዋ ጠዋት ጠዋት ስታልፍ ግድግዳዬን ትመታለች። ‘አደሩ?’ ትለኛለች። ‘አልሞትኩም፣ ሂጂ ሥራሽን ሥሪ’ እላታለሁ። ከዚያ ወዲያ እስኪመሽ የሚያናግረኝ የለም። መንገዷን ከተቀማች ሌላ ሰፈር ትሄዳለች። ማደሬን ማን ሊጠይቅ ነው?”

ልጅቷ የዳቦውን ፍርፋሪ ከቀሚሷ ላይ ለቀመች። “እኔም ቀኑን ሙሉ ወሬ መሀል ነው የምውለው። ያ ሁሉ ቃል በጣቴ ያልፋል፤ አንዱም ለእኔ የተባለ አይደለም። ቤቴ ገብቼ ስናገር የራሴ ድምፅ ያስደነግጠኛል።”

“ባል አግቢ።”

“እርስዎ አግብተው አልነበረም?”

እማማ ልክልኩ ሳቀች። ከሳቀች መቆየቷን ያወቀችው ጉሮሮዋ ሲከረክራት ነው።

“አንድ ነገር ልንገርዎ” አለች ልጅቷ። “ሲያትሙ ‘ይነበብልዎ?’ ብዬ ነበር። ዞር ብለው እንኳ ሳያዩኝ ‘የራሴን ቃል ለእኔ?’ አሉኝ። ያኔ ቢነበብልዎ ‘ከዚህ እስከዚህ’ የሚለው እዚያው ይያዝ ነበር።”

“ሰው ፊት፣ ማንበብ አትችልም እንድባል?”

“ማስነበብ ያልተማረ ሰው ነገር አይደለም። በቀደም አንድ ጠበቃ ቃሉን አስነብቦ ሁለት ቦታ አስተካክሏል።”

“ጠበቃ?”

“አዎ፣ ጠበቃ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ሰው ምን እንደተናገረ ካልተነበበለት አያውቀውም።”

“ታዲያ አሁን ምን ልበል?”

“እሱን ከነገርኩዎማ ምስክሯ እኔ ሆንኩ። ዓይን ለሌለው ሰው እንደሚነግሩ አድርገው ይንገሩ፤ ሌላ አልልም።”

ደወል ተደወለ። ልጅቷ የዳቦ ላስቲኳን አጣጥፋ ቀድማ ገባች።

ከምሳ በኋላ እማማ ልክልኩ ተጠራች። ባለመጋዘኑ ፊት ለፊቷ ተዘባኖ ተቀምጧል፤ አጣቢዋ በማዶ በኩል ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አዲሱ ዳኛ መነጽራቸውን አስተካክለው “መተላለፊያው ምን ያህል ነበር?” አሉ።

እጆቿ በልማዳቸው ብድግ አሉ። መሀል ላይ ያዘቻቸውና የፊቷን መደገፊያ ጨበጠች። ጥግ ላይ የጣት ድምፅ ቆሞ ይጠብቃል።

“ክቡር ዳኛ፣ ጎረቤቴ ልብሷን በጋሪ ነበር የምታወጣው። ጋሪው ሲያልፍ እኔ ከጎኑ ቆሜ ሰላም እላታለሁ፤ ጎማው ቀሚሴን አይነካኝም። ዛሬ ግን ጋሪው ብቻውንም አይገባም። ጋሪው መተላለፊያው አፍ ላይ ቆሟል፣ ይለካ። እኔም ከዚያ ወዲህ አልወፈርኩም፣ ልለካ።”

ሰው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም፤ ባለመጋዘኑን ግን ቀና ብለው አዩት። እሱም ጫማውን ማየት ጀመረ። ዳኛው ጋሪውና መተላለፊያው እንዲለኩ አዘዙ። የጣቱ ድምፅ አንዱንም ሳያስቀር ለቀመው።

እጅ ያሳየው ካየው ሰው ጋር ይሄዳል። በቃል ተነግሮ የተጻፈ ግን ዳኛ ቢቀየር፣ ምስክር ቢሞት፣ ልጅ ቢርቅ ባለበት ይቆያል፤ ድሀም የሚይዘው ነገር ያገኛል። ለማስነበብ የሚያፍር ያላለውን ያትማል። አሮጊቷ ይህ ገባት። ከገባት ደግሞ እንደ ሌላው አንገት ደፍታ የምትወጣ አልነበረችም።

የችሎት አስከባሪው ወረቀቱንና ቀለሙን ይዞላት መጣ። አውራ ጣቷን ጨብጣ ደበቀችው።

“መጀመሪያ ይነበብልኝ።”

“እናቴ፣ ጽሕፈት ቤት ገብተው ይነበብልዎታል” አሉ ዳኛው።

“የተናገርኩት እዚህ ነው፤ እዚሁ ይነበብልኝ። ስናገር የሰማ ሁሉ ሲነበብም ይስማ።”

ዳኛው ሰዓታቸውን አዩ፣ አሮጊቷን አዩ፣ ከዚያ በእጃቸው ወደ ጥጉ ምልክት ሰጡ። ጸሐፊዋ ተነሣች። አብዛኛው ሰው እዚያ ጥግ ሰው መኖሩን ያወቀው ያኔ ነው። አንገቷን ደፍታ፣ ለራሷ እንኳ በማይሰማ ድምፅ ማንበብ ጀመረች።

“ቆይ” አለች እማማ ልክልኩ። “ባለፈው ከዚህ ሳላይሽ ነው የወጣሁት። ዛሬ ቀና በይ፣ ፊትሽን ልየው፤ ከዚያ ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ከመጀመሪያው አንብቢልኝ።”