የሦስት ሺህ ብር አረፍተ ነገር

ለአንድ ወር ትምህርት የከፈልኩት ሦስት ሺህ ብር ነው። ሒሳብ በቃሌ እችላለሁ፤ እድሩ ሰብሳቢ አድርጎ ሲመርጠኝ ግን ደብዳቤ መጻፍ ጭንቅ ሆነብኝና አንዲት ወጣት አስተማሪ መርካቶ ሰባተኛ ካለው የቅመም ሱቄ ድረስ እየመጣች ታስተምረኝ ጀመር። ዘዴዋ ቀላል ነው። እሷ አንድ አረፍተ ነገር ትጽፋለች፤ እኔ ቅርጹን ሳልለቅ የራሴን እጽፋለሁ። አንድ ቀን «እናቴ እንጨት ሸጣ አስተማረችኝ» ብላ ጻፈች። እኔም «ቆሎ ሸጬ ሱቅ ከፈትኩ» ብዬ ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ ሌላ ሰው ለእርስዎ ያደረገውን ነው የሚጽፉት» አለችኝ።

«የኔ ልጅ፣ ለእኔ ማንም ምንም አላደረገልኝም። ከባዶ ነው የተነሳሁት» አልኳት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ የማወራው ይህንኑ ነው።

ባለቤቴ እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ኮረሪማ ትፈለፍል ነበር። ቀና እንኳ ሳትል «ሐብሉስ?» አለች።

የሠርጓ የወርቅ ሐብል ነበር። ሸጣ ብሩን በመሐረብ ቋጥራ ስትሰጠኝ «እተካልሻለሁ» ብያት ነበር። አንገቴን ደፍቼ «ሚስቴ ሐብሏን ሸጣ ሱቅ ከፈተችልኝ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዋ «አሁን ልክ መጣ» አለች። ባለቤቴ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችና «ጽሕፈትህስ ያምራል፤ ብቻ ዘገየህ» ብላ ወደ ኮረሪማዋ ተመለሰች።

ሒሳቡን ስዘጋው፣ በሦስት ሺህ ብር አንድ እውነተኛ አረፍተ ነገር አተረፍኩ፤ «ከባዶ ተነሳሁ» የሚለውን ወሬዬን ከሰርኩ። ሐብሉ ግን እስከ ዛሬ አልተተካም።