በንግሥቲቱ አንገት ላይ ያለው መስመር

ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ አንዲት እናት፣ ከጎናቸው ላሉት ሽማግሌ አሮጌ ጠገራ ብር ከመቀነታቸው ፈትተው አሳዩ።

«ሐጂ፣ እስቲ ይዩልኝ። ንግሥቲቱ አንገት ላይ መስመር አለ። ልጄ ሲቀረጽ ተሳስተው ነው፣ እንዲህ ያለው በውድ ይሸጣል ይለኛል። ስልክ ላይ አይቶ ነው።»

«ሲቀረጽ የተሳሳተ ከሆነ መስመሩ ከብሩ ጋር አንድ ነው፤ ቢፈትጉትም አይጠፋም። እድፍ ከሆነ ይለቃል። ቆይ፣ በጥፍሬ ጫር ላድርገው።»

«ኧረ አይንኩብኝ፣ ይለቃል!»

«ታውቂያለሽ እንዴ?»

«በአንገቴ አስሬው የኖርኩት እኔ አይደለሁ? የክሩ እድፍ ነው።»

«ታዲያ ደሴ ድረስ ምን አደከመሽ?»

«ልጄ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሊሻገር ከደላላው ጋር ጨርሶ ነበር። ይሄ ከተሸጠ እዚሁ ሱቅ እከፍታለሁ ብሎ ቀረልኝ።»

«ስትመለሽስ ምን ልትይው ነው?»

«ገዢው የለም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ አሉኝ እለዋለሁ። ባለፈውም እንዲሁ ነው ያልኩት።»

«አመነሽ?»

«እንጃ። ዛሬ ጠዋት ስወጣ ቦርሳውን ከአልጋ ሥር አውጥቶ አቧራውን ሲያራግፍ አየሁት።»

«አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል።»

«ሐጂ፣ ይሄ መኪና ዛሬውኑ ይመለስ ይሆን?»

«የለም፣ ነገ ነው።»

ደሴ ቶሎ አልደረስንም ብዬ ስነጫነጭ የቆየሁት እኔ፣ ሾፌሩ መኪናውን ወደ መካነ ሰላም እንዲያዞረው በሆዴ ለመንኩ።