በር ላይ የቆመው መልእክተኛ

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሐረር ሸዋ በር ከባጃጅ ስወርድ ጎረቤቴን አቶ ኪዳነወልድን አገኘኋቸው። ከጤና ቢሮ ጡረታ የወጡ፣ ሰላምታ አሳጥረው የማያውቁ ሰው ናቸው። ያን ዕለት ግን አንድ ቦታ መቆም ተስኗቸው ይቁነጠነጡ ነበር። በእጃቸው አዲስ ጓጉንቸር ይዘዋል። ከጎናቸው የእህታቸው ልጅ ኤደን ነበረች፤ አዲስ አበባ የዲፕሎማሲ ታሪክ ተምራ ለዕረፍት የመጣች ናት።

“ሌባ ገባ እንዴ?” አልኳቸው።

“ሌባስ በተሻለኝ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ጌታነህ በሬን ሊያንኳኳ ነው” አሉ።

ነገሩን በመንገድ ላይ ሰማሁ። ዮናስ የሚባል ወጣት የአቶ ኪዳነወልድን ልጅ ልደትን ለማግባት ሽማግሌ ልኳል። አባቱ በሕይወት ስለሌሉ የአባቱን ወዳጅ አቶ ጌታነህን ፊት አውራሪ አድርጎ መርጧል። አቶ ጌታነህ ደግሞ በአጥር ክርክር ለአቶ ኪዳነወልድ ባላጋራ መስክረው ስላስረቷቸው፣ አቶ ኪዳነወልድ ጊደር መጋላ ገበያ እንኳ ቢያዩዋቸው መንገድ ይቀይራሉ። ስለዚህ በሩን ቆልፈው ሊመልሷቸው ቆርጠዋል። እኛ ሰዎች ለቂም ስንሮጥ አይደክመንም፤ ዕርቅ ሲባል ግን እግራችንን ያመናል።

ስንደርስ ልደት ግቢውን ትጠርግ ነበር። የአባቷን እጅ አየችና መጥረጊያውን ጥላ ጓዳ ገባች። አቶ ኪዳነወልድ ከበሩ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ በሩ ይመላለሱ ጀመር። ተቀመጡ ብንላቸውም እሺ አላሉም።

“ጋሼ፣ አምባሳደር ለምን እንደሚላክ ያውቃሉ?” አለች ኤደን።

“በመንግሥት ገንዘብ ሊሽሞነሞን ነዋ።”

እኔ ሳቄን ዋጥ አደረግሁ፤ እሷ ግን ታሪኩን በትዕግሥት ትነግራቸው ጀመር። ጥንት ነገሥታት መልእክተኛ የሚልኩት ጉዳይ ሲኖራቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ስጦታ ይዞ ሄዶ መልስ ይዞ ይመለሳል። በሰው አገር ቤት ይዞ የሚቀመጥ አምባሳደር የተለመደው በኋላ፣ እርስ በርስ በማይተማመኑት የጣልያን ከተሞች ነው። የማይተማመን ሰው መነጋገሪያ ስለሚያስፈልገው ነው አለች። የማይመለስም ነበረ፤ ከፖርቹጋል ወደ እኛ ነገሥታት የተላከ አንድ መልእክተኛ ርስትና ሚስት ተሰጥቶት እስኪሞት ድረስ እንዳይሄድ ተከልክሏል።

“ርስት ከተሰጠው ምን ጎደለበት?” አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

“አገሩ ጎደለበት፤ መልስ የሚጠብቁትም ጠብቀው ቀሩ። የእንግሊዝ ቆንስል ሲታሰርማ መቅደላ ድረስ ጦር መጣ። አገሮች በስንት ደም የተማሩት ይህን ነው ጋሼ፤ መልእክተኛ የላኪው አፍ ነው። ቢጠሉትም ይሰሙታል፤ በሰላምም ይሸኙታል። እዚሁ ሐረርስ ስንት ቆንስል ተቀምጦ የለም?”

“አውቃለሁ፤ አያቴ የአንዱ በረኛ ነበሩ።”

“ታዲያ ለእንግዳ ይከፍቱ ነበር ወይስ ይቆልፉ?”

አቶ ኪዳነወልድ ተናደዱ። “የጠላሁትን ሁሉ ልቀበል ነው የምትይኝ?”

“የለም። አንድ አገር አምባሳደር ከመላኩ በፊት ስሙን አስቀድሞ ያሳውቃል። ተቀባዩ አይሆነኝም ካለ ምክንያት አይጠየቅም፤ ሌላ ይተካል።”

መመላለሳቸውን አቆሙ። “እኔን ማን ጠየቀኝ?”

እዚህ ላይ እውነት ነበራቸው፤ ኤደንም አልካደችም። የዮናስ ወገኖች አስቀድመው መጠየቅ ነበረባቸው። ስልኳን አውጥታ ዘረጋችላቸው።

“አሁንም ጊዜ አለ። ደውለው ሌላ ሰው ይምጣ ይበሉ። በር ቢቆልፉ ግን የሚመለሱት ጋሽ ጌታነህ ብቻ አይደሉም። ልደት እሺ ባትል ኖሮ እነዚህ ሽማግሌዎች አይመጡም ነበር። የሚቆልፉት በእሷ ላይ ነው።”

ስልኩን አልተቀበሏትም። ልደት ወደገባችበት ጓዳ አዩ። ዘጠኝ ሰዓት እየደረሰ ነው፤ እኔም ጭንቅ ይዞኛል።

“ሌላ ሰው ቢመጣ” አሉ በመጨረሻ ቀስ ብለው፣ “የልጁን አባት ማን አውቆ ይመሰክርልኛል?”

ሄደው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት።

ሽማግሌዎቹ ገብተው እንደ ወጉ ቆመው ጉዳያቸውን ተናገሩ። አቶ ጌታነህ ስለ አጥሩ ትንፍሽ አላሉም፤ የዮናስን አባት ደግነትና የልጁን ጨዋነት ብቻ አስረዱ። አቶ ኪዳነወልድ እስከ መጨረሻው ሰሟቸው፤ ከዚያ ልደትን ጠርተው በሁሉም ፊት ፈቃዷን ጠየቁ። እሷም እሺ ብላ አለቀሰች። ለሌላ ቀን የመቅጠሩን ልማድ ትተው ያኔውኑ ፈቀዱ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ላኪ አስቀድሞ ቢጠይቅ፣ ተቀባይም መልእክተኛውን ከመልእክቱ ቢለይ፣ ልጆቻችን በእኛ ቂም ባልታገቱ ነበር። አገር ከአገር እንኳ በዚህ ይኖራል፤ ጎረቤት ከጎረቤት እንዴት ያቅተዋል?

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲነሡ አቶ ጌታነህ ቀድመው ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉት። ወዲያው ተንኳኳ።

“ማነው?” አሉ አቶ ኪዳነወልድ።

“ጌታነህ ነኝ። አሁን ማንም አልላከኝም፤ ስለ አጥሩ እንድንነጋገር ነው የመጣሁት።”

አቶ ኪዳነወልድ ተነሥተው ራሳቸው ከፈቱላቸው።