የጋሽ ቱሉ በጎች

በደርግ ጊዜ ጎሮ በምትባል መንደር የእንስሳት ጤና ረዳት ነበርኩ። አንድ ክረምት የመንደሩ በግ ሁሉ በሆድ ትል ከስቶ፣ የጋሽ ቱሉ ስድስት በጎች ብቻ ሰብተው ተገኙ። የሚግጡት ግን ከሌሎቹ ጋር፣ እዚያው ረግረግ ላይ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አስጠራኝና፣ «የመንግሥትን መድኃኒት ለሱ ብቻ ሸጠህለታል፤ ይሄ አሻጥር ነው» አለኝ። እኔ አልሸጥኩም፤ ሽማግሌው ግን ከሌላ ሰው ሳይገዙ አይቀሩም ብዬ ጠረጠርኩ።

ብቻዬን ቤታቸው ሄድኩና፣ «ጋሽ ቱሉ፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ምን እየሰጧቸው ነው?» አልኳቸው። ግራ ቀኙን አይተው፣ ከጓዳ አንድ ቁና የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ የተጨመቀ የኑግ ተረፈ ምርት፣ አወጡ። «ከግጦሽ ሲመለሱ ይሄን እሰጣቸዋለሁ። የጠገበ በግ ትሉን ይችለዋል» አሉኝ።

አላመንኳቸውም። የበጎቹን በጠጥ ወስጄ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የትል እንቁላል አለበት፤ ከሌሎቹ በጎች ግን በጣም ያነሰ ነው። እፎይ አልኩ። ሮጬ ማኅበሩ ቢሮ ስደርስ ሽማግሌውንም አስጠርተዋቸዋል። «ጓድ ሊቀመንበር፣ በጎቹ መድኃኒት ቢወስዱ ኖሮ እንቁላሉ ይጠፋ ነበር። የረዳቸው ፋጉሎ ነው፤ በዓይኔ አይቻለሁ!» አልኩ።

ሊቀመንበሩ እኔን ተወኝና ወደሳቸው ዞረ። «ከመንግሥት ዘይት ፋብሪካ በቀር የማይገኝ ፋጉሎ አንተ ቤት እንዴት ገባ?»

እኔ በነፃ ተሰናበትኩ፤ እሳቸውን እዚያው አሰሯቸው። ሲወስዷቸው እኔን አዩኝና፣ «ልጄ፣ ያሳየሁት እኮ ላንተ ነበር» አሉኝ።