የሽብሩ ካፖርት

ግማሹን ሠራተኛ ካሰናበተው ክር ፋብሪካ ጀርባ ባለ መንደር፣ አመሻሽ ላይ፤ ሴፍቲኔት የሚገቡ ቤተሰቦችን የሚለየው የሰፈር ኮሚቴ አባል ጋሽ ደምሰው፣ እግሯ በጨርቅ ተጠቅልሎ በተቀመጠችው በእታገኝ ቤት፣ ከበሩ ሥር ዱካ ላይ ተቀምጠዋል።

እታገኝ፦ ስማችንን ሴፍቲኔቱ ዝርዝር ላይ ይመልሱት ነው የምልዎት ጋሼ። ሌላ ምን ጠየቅኩ?

ደምሰው፦ አንቺ ደግሞ ቀላል አስመሰልሽው። ሴፍቲኔቱ የመጣው ሥራ ላጣ ቤተሰብ ነው። ባልሽ ሥራ አለው፤ አለቀ።

እታገኝ፦ የለውም።

ደምሰው፦ ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ሽብሩ ከቀሩት ነው። ራሱ ዕድር ላይ ነግሮናል፣ ደረቱን ነፍቶ።

እታገኝ፦ ዋሽቷችሁ ነው።

ደምሰው፦ ዓይኔስ? እሱም ዋሸኝ? ኪዳን ለማድረስ ስወጣ ሁልጊዜ አገኘዋለሁ። ያንን አረንጓዴ ካፖርቱን ለብሶ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ምሳ ዕቃውን ይዞ። «ሽብሩ በየማለዳው ሥራ ይገባል» ብዬ ኮሚቴው ፊት የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ማንም አልተቃወመኝም፤ ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል።

እታገኝ፦ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ። ውስጥ ነው።

ደምሰው፦ ገብቷል እንዴ? እንግዲያው ጥሪውና ራሱ ይንገረኝ።

እታገኝ፦ አይነሳም። ከተሰናበተ ጀምሮ፣ ያን ዕለት ዕድር ከመውጣቱ በቀር፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። ሌሊት ብድግ ይልና «የፋብሪካው ሲረን ጮኸ?» ይለኛል። አልጮኸም ስለው ተመልሶ ይተኛል። አንድ ቀን «ጮኸ» ብዬ ብነግረው የሚነሳ ይመስለኛል፤ ግን እፈራለሁ።

ደምሰው፦ ከተሰናበተ ጀምሮ? እና እኔ ጠዋት ጠዋት ሰላም የምለው ሰው ማነው?

እታገኝ፦ ሰላም ሲሉት ምን ይልዎታል?

ደምሰው፦ ምንም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ሥራ ተረፈለትና ኮራብን ብዬ ታዝቤዋለሁ።

እታገኝ፦ አፌን ብከፍትማ ያውቁኝ ነበር።

ደምሰው፦ አንቺ?

እታገኝ፦ እሱ ነው የለመነኝ። «ሰፈሩ ወደቀ እንዳይለኝ» አለና አለቀሰ። ሽብሩ ሲያለቅስ አይተው ያውቃሉ? እኔ ደግሞ የቀን ሥራ አግኝቼ ነበር፣ እዚያ ፎቅ የሚሠራበት አሸዋ ማመላለስ። መውጣቴ ካልቀረ በሱ ካፖርት ልውጣለት አልኩ። አስፋልቱን ስሻገር አወልቀዋለሁ።

ደምሰው፦ ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ጉድ ሠራችሁኝ። እኔ እኮ ምዬ ነው የመሰከርኩት።

እታገኝ፦ ማታ ካፖርቱ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ ሳየው፣ ባሌ ያ ነው እላለሁ። አልጋው ላይ ያለው ደግሞ ማን እንደሆነ ይጠፋኛል። ያስፈራኛል ጋሼ፣ ምን ልደብቅዎት።

ደምሰው፦ በይ ስሚኝ። ነገ ዕድሩ አዳራሽ ስብሰባ አለ። ስም ይነበባል፣ ቅሬታ ያለው ተነስቶ ይናገራል፣ ሰፈሩ ይመሰክራል። እዚያ ቆመሽ አሁን ያልሽኝን በያቸው። እኔም ተሳስቼ ነበር እላለሁ፤ ምን ላድርግ፣ እውጠዋለሁ።

እታገኝ፦ እዚያማ አልቆምም። እርስዎ በጓሮ ይጨርሱልኝ። ሽብሩ ታሟል ይበሏቸው። በሽተኛ ያለበት ቤት ለሴፍቲኔቱ የጽዳት ሥራ ሳይወጣ ይረዳል ይባል የለ?

ደምሰው፦ በጓሮ የሚባለው ቀርቷል። ዓምና በጓሮ ሲሠራ ባለ ሁለት ሱቁ ተረጂ ሆኖ አረፈ። በሰው ፊት ይሁን የተባለው ለዚህ ነው።

እታገኝ፦ ባሌን የጣለው እኮ የሰው ፊት ነው። አሁን የሱን ጉድ እዚያው ሰው ፊት ላስጣ?

ደምሰው፦ ነገ ካልተናገርሽ ዝርዝሩ ይዘጋል። ደግሞም ጠዋት በካፖርት ወጥተሽ ከሰዓት ሥራ አጣን ብትይ ማን ያምንሻል?

እታገኝ፦ በየትኛው እግሬ ነው የምወጣው? ከፎቁ መወጣጫ ወድቄ ይኸው ሳምንት አለፈኝ። ለዚያ አይደል ያስጠራሁዎት? ከዚህ ደጃፍ አላለፍኩም።

ደምሰው፦ ዛሬ ጠዋትስ?

እታገኝ፦ ዛሬም።

ደምሰው፦ እታገኝ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት ሰላም ብዬዋለሁ።

እታገኝ፦ ማንን?

ደምሰው፦ ካፖርቱን። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ። ራሱን ነቀነቀልኝ። ትናንትም እንደዚያው።

እታገኝ፦ አያስፈራሩኝ ጋሼ።

ደምሰው፦ ፈርቼ ነው እኔም። ሽብሩ ውስጥ ለመሆኑ እርግጠኛ ነሽ?

እታገኝ፦ ሲተነፍስ ይሰማዎት የለ? ሌሊቱን ከጎኑ ነው ያደርኩት።

ደምሰው፦ ካፖርቱስ የት አለ?

እታገኝ፦ ከኋላዎ። ከበሩ ጀርባ።

ደምሰው፦ ሚስማሩ ብቻ ነው ያለው።

እታገኝ፦ በደንብ ይዩ እስቲ።

ደምሰው፦ አይቻለሁ። ቆይ፣ አሁን ሳስበው፣ ዛሬ ያየሁት ሰው ካፖርቱ ቁርጭምጭሚቱ ጋ ነበር የደረሰው። እጅጌው ተጠቅልሏል። ብርዱ አኮማትሮት ነው ብዬ አለፍኩ። ሶስናስ? ልጅሽ የት ናት?

እታገኝ፦ ትምህርት ቤት ናታ። ማጠናከሪያ ተጀምሯል ብላ ገና ሳይነጋ ነው የምትወጣው። ስምንተኛ ክፍል አይደለች፣ ፈተና አለባት።

ደምሰው፦ የልጅ ልጄ ከሷ ጋር አንድ ክፍል ነው። ማጠናከሪያ የሚባል ነገር የለም። ጭራሽ «ሶስና ታመመች እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል።

እታገኝ፦ ትናንት ዳቦና ዘይት ይዛ መጣች። የጓደኛዬ እናት ሰጡኝ አለችኝ። እኔም በላሁ። የማላውቃቸውን ሴትዮ መርቄ መርቄ በላሁ።

ደምሰው፦ አይዞሽ።

እታገኝ፦ ያ መወጣጫ እኔን ነው የጣለኝ፣ እኔን ትልቋን። እሷ አሸዋ ተሸክማ እዚያ ላይ ወጥታለች? እስካሁንም አልመጣችም እኮ። እየመሸ ነው።

ደምሰው፦ ቀስ በይ፣ ሽብሩ ይሰማል።

እታገኝ፦ ይስማ።

ደምሰው፦ ግድ የለሽም፣ ነገ እኔው እናገርልሻለሁ። አንቺ ቤትሽ ሁኚ። ኮሚቴውን እኔ እችለዋለሁ።

እታገኝ፦ እርስዎ አሁን ይሂዱና አስፋልቱ ጋ ይጠብቁልኝ። ልጄንም ካፖርቱንም ይዘው ይምጡ። ነገ እኔ ለብሼው ነው አዳራሹ መሃል የምቆመው፤ ሰፈሩም እንደ ጠዋቱ ሰላም ይበለኝ።